ሱፐርማን ኢትዮጵያ የመጣ ጊዜ፦ በ77ቱ ረሃብ ምክንያት የታተሙት ሁለት የጀግኖች ኮሚኮች

በ1986 ዲሲ ኮሚክስ አንድ ለየት ያለ እትም አወጣ። ርዕሱ ‹ሂሮስ አጌንስት ሀንገር› ነው፤ በእኛ አፍ ‹ጀግኖች ረሃብን ሲዋጉ› እንደማለት። ውስጡ ሱፐርማን አለ፣ ባትማን አለ፣ የሱፐርማን የዘመናት ጠላት ሌክስ ሉተርም አለ። እና የሚዘምቱት ኢትዮጵያ ነው። በኤአይ የተሠራ ፎቶ አይደለም፣ ሚምም አይደለም። የታተመ፣ በሱቅ የተሸጠ፣ ዛሬም የሚገኝ ኮሚክ ነው። ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ ተፎካካሪው ማርቭል ኤክስ-ሜንን ይዞ ተመሳሳይ ነገር አሳትሞ ነበር።

የማርቭልን ፊልም በቅደም ተከተል የሚዘረዝርላችሁ ልጅ ሞልቷል። ስለነዚህ ሁለት እትሞች ግን ጠይቁት፣ አብዛኛው አልሰማም። የሚገርመው ታሪኩ እኛን የሚመለከት መሆኑ ነው። ኮሚኮቹ በተሳሉበት ወቅት የረሃቡ ሰዎች በአውሮፕላን እየተጫኑ ወደ ጋምቤላ እየመጡ ነበር። ኮሚኮቹ የተሠሩት ለዚያ ረሃብ ነው፤ ያንን ጉዞ ግን አልሳሉትም። ወደዚያ እንመጣለን።

(በዚህ ጽሑፍ ‹ዓ.ም.› ያልኩበት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በፈረንጆቹ።)

ቲም-አፕ ምንድነው?

የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ጀግኖች በአንድ እትም ሲገናኙ ‹ቲም-አፕ› ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ‹ኦል ስታር ኮሚክስ› ቁጥር 3 በ1940 መጨረሻ ላይ የተለያዩ ጀግኖችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ‹ጀስቲስ ሶሳይቲ› ብሎ ሰየማቸው። ከልዕለ ኃያላን ቡድኖች ሁሉ የመጀመሪያው ይሄ ነው። በ1952 በ‹ሱፐርማን› ቁጥር 76 ላይ ደግሞ ሱፐርማንና ባትማን በአንድ መርከብ ሲጓዙ አንድ ክፍል ይደርሳቸውና አንዱ የሌላውን ምስጢር ያውቃል። በ1963 ማርቭል አቬንጀርስን አመጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን በፊልም አይታችሁታል።

አሳታሚዎች ቲም-አፕን የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የሁለት ጀግና አንባቢ አንድ እትም ይገዛል። ለእርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ነገሩ ከዜና ጀመረ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ከዚያ በፊት ዓለም ስለ ረሃቡ ጨርሶ አልሰማም ማለት አይደለም። ግን በዚያ መልክ አላየውም። ልብ በሉ፣ ዘገባው የወጣው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ አክብሮ፣ ኢሠፓን መሥርቶ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ነው።

ከዘገባው በኋላ ነገሩ ተቀጣጠለ። ቦብ ጌልዶፍ የእንግሊዝ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለገና የሚሆን ዘፈን ቀረጸ። በመጋቢት 1985 አሜሪካውያኑ እነ ማይክል ጃክሰን የራሳቸውን ለቀቁ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ‹ላይቭ ኤይድ› የተባለው ኮንሰርት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ተካሄደ። ዘፋኙ ይህን ካደረገ ሠዓሊው ምን ይጠብቃል?

ሐሳቡን ያመጡት ጂም ስታርሊን እና በርኒ ራይትሰን ናቸው። ስታርሊን ማለት ታኖስን የፈጠረው ሰውዬ ነው። አዎ፣ ያ ጣቱን አፏጭቶ ግማሹን ዓለም ያጠፋው ታኖስ። ራይትሰን ደግሞ ‹ስዋምፕ ቲንግ›ን ከፈጠሩት አንዱ ነው፤ አስፈሪ ነገር ሲስል የሚደርስበት የለም። ሁለቱ ለማርቭል ዋና አዘጋጅ ለጂም ሹተር ሐሳቡን አቀረቡ፦ ብዙ ጸሐፊና ብዙ ሠዓሊ ይምጣ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ገጽ ይሥራ፣ ክፍያ አይጠየቅ፣ ትርፉ በሙሉ ለረሃቡ ይሂድ።

በዚህ መንገድ ‹ሂሮስ ፎር ሆፕ› ተወለደ። ሽፋኑ ላይ ያለው ወር ታኅሣሥ 1985 ነው። የተሳታፊዎቹን ስም ስታዩ ትደነግጣላችሁ። እስጢፋን ኪንግ አለበት። ‹ጌም ኦፍ ትሮንስ›ን የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አለበት። አላን ሙር፣ ስታን ሊ፣ ሃርላን ኤሊሰን። ከሠዓሊዎቹ ፍራንክ ሚለር፣ ሪቻርድ ኮርቤን። ዛሬ እነዚህን ሰዎች አንድ ፖስተር ላይ ለማስፈረም የሚጠየቀውን ገንዘብ አስቡት።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ኤክስ-ሜኖቹን እቤታቸው ድረስ መጥቶ የሚያጠቃቸው አንድ የማይታይ ኃይል አለ። እያንዳንዳቸውን በሚፈሩት ነገር ይፈትናቸዋል። መነሻውን ሲከተሉ አፍሪካ ይደርሳሉ፤ ለካ ያ ኃይል የሚኖረው የተራቡ ሰዎችን ተስፋ መቁረጥ እየበላ ነው። ኪንግ የጻፋቸው፣ ራይትሰን የሳላቸው ገጾች ላይ ረሃብ ራሱ ሰው ሆኖ ኪቲ ፕራይድ ፊት ይቆማል። ከመጽሔቱ ሁሉ የሚያስታውሱት እነዚያን ገጾች ነው። አላን ሙር በበኩሉ ማግኔቶን ከራሱ ያለፈ ሕይወት ጋር አፋጠጠው። እውነት ለመናገር ከዚህ ውጪ ያለው ብዙ ቦታ ላይ ይዘበራረቃል፤ ብዙ ሰው በየተራ የሚጽፈው ነገር እንደዚያ ነው።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ከኤክስ-ሜን መካከል ዝናብ ማዝነብ የምትችለው ስቶርም ናት፤ እናቷ ኬንያዊት፣ እሷም ያደገችው አፍሪካ። በወቅቱ በዋናው የኤክስ-ሜን ታሪክ ውስጥ ስቶርም ኃይሏን ተነጥቃ ነበር። ድርቅ ያለበት ታሪክ ሲመጣ ዝናብ የምታመጣዋ ጀግና ዝናብ የላትም። ታስቦበት ይሁን አጋጣሚ፣ ከመጽሔቱ ዕቅዶች ሁሉ ጥሩው እሱ ነው። ዝናብ በእጇ ቢኖራት ኖሮ ታሪኩ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ውሸት ይሆናል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር አለ። ገንዘቡን ሊቀበል የነበረው ኦክስፋም አሜሪካ ነበር። ሹተር በኋላ እንደተናገረው ድርጅቱ ሥራውን አይቶ፣ በተለይ ሴቶች የተሳሉበትን መንገድና ድብደባውን አይቶ፣ ከዚህ የሚገኝ ገንዘብ አልፈልግም አለ። ስለዚህ ትርፉ ‹አሜሪካን ፍሬንድስ ሰርቪስ ኮሚቴ› ወደተባለው የኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅት ሄደ። ድርጅቱ ትንሽ አይደለም፤ በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከእንግሊዝ አቻው ጋር የተጋራ ነው። ኦክስፋም ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን በሁለት ወገን መከራከር ይቻላል። እኔ ግን በ77 አንድ ኩንታል እህል ምን ማለት እንደሆነ እያሰብኩ ስለ ሥዕል አለባበስ መጨቃጨቅ አይዋጥልኝም።

ሱፐርማን አፈር ተሸክሞ መጣ

ስታርሊንና ራይትሰን ቀጥለው ዲሲ ጋ ሄዱ። ‹ሂሮስ አጌንስት ሀንገር› የመጣው ከዚያ ነው፤ በ1986። አሠራሩ ያው ነው፣ ብዙ እጅ፣ ጥቂት ጥቂት ገጽ።

ይኸኛው ከማርቭሉ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ‹አፍሪካ› ብሎ አያልፍም፣ ቦታው ኢትዮጵያ ነው። ሌላው ምክንያት አጀማመሩ ነው። ሱፐርማን የሚመጣው ስንዴ ተሸክሞ አይደለም። አፈር ተሸክሞ ነው። መሬቱ ተሟጧል፣ ስለዚህ ለም አፈር ከሌላ ቦታ አምጥቼ ላልብሰው የሚል ሐሳብ አለው። ተራራ የሚያነሳ ሰውዬ ነው፣ አፈር ምን ያቅተዋል? ግን አልተሳካም። የዓለማችን ኃይለኛው ጀግና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ተሸንፎ ይቆማል፤ ሊ አን ሌይተን የምትባል የእርዳታ ሠራተኛም ነገሩ እሱ እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነ ታሳየዋለች።

ከዚያ ባትማን ይገባል። ባትማን እንደልማዱ ጡንቻ ሳይሆን ጭንቅላት ነው የሚፈልገው፣ ምድር ላይ ካሉ ሳይንቲስቶች ደግሞ አንደኛው ሌክስ ሉተር ነው። ሉተር ክፉ ነው፣ ሱፐርማንን ይጠላል፣ ቢሆንም አብሯቸው ይሠራል። ለመስማማት ካልታሰቡ ሰዎች የተሠራ ቲም-አፕ ነው፣ ለዚህም ነው የሚጣፍጠው። በመጨረሻ ‹ማስተር› የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ይገጥማቸዋል፤ ከጥፋትና ከመበስበስ ጉልበት የሚያገኝ። ይዋጉታል፣ ይመልሱታል።

ረሃቡ ግን አለ። ሁለቱም ኮሚኮች እዚህ ላይ አይዋሹም። ጠላቱ ሄደ፣ የተራበው ሰው አሁንም ተርቧል፣ ቀሪው የአንባቢው ድርሻ ነው ብለው ይዘጉታል። ለልዕለ ኃያላን ኮሚክ ይህን ማመን ቀላል አይደለም፤ ሥራቸው ማሸነፍ ነዋ።

ስለ ሠዓሊዎቹ በአጭሩ፦ ጃክ ከርቢ የሠራቸው ገጾች አሉበት። ከርቢ በ1966 ከስታን ሊ ጋር ብላክ ፓንተርን የፈጠረው ነው። የኮሚክ ታሪክ ለሚወድ ሰው ሌላም ነገር አለ። ይሄ ሱፐርማን የድሮው ሱፐርማን ነው። በዚያው በ1986 ዲሲ ታሪኩን ከዜሮ አስጀምሮ በጆን በርን እጅ አዲስ ሱፐርማን አመጣ። ሉተርም ከዚያ በኋላ ነጋዴ ሆነ፣ ከረባት አሰረ። ስለዚህ ኢትዮጵያ የመጣው ሱፐርማን ሊሰናበት ጥቂት የቀረው ሱፐርማን ነው።

አፈሩን የተሸከሙት ሌሎች ነበሩ

የአፈሩን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ኮሚኩ ሳያውቀው እውነተኛ ነገር ነክቷል። የወሎና የትግራይ ተዳፋት አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ መሄዱ ልብ ወለድ አይደለም። መልሱም ልብ ወለድ አልነበረም። ከ1980 ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ‹2488› በሚል ቁጥር የሚታወቅ ፕሮጀክት ነበረው። ገበሬው ድንጋይ እየካበ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና ትንሽ ዘይት ይከፈለዋል። ፕሮጀክቱ በኋላ ስሙን ቀይሮ ለብዙ ዓመት ቀጠለ፣ በዓለም ላይ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ትልልቆቹ ውስጥ ይቆጠራል።

ሱፐርማን በአንድ በረራ ሊሠራው የሞከረውን ሰዎቹ በድንጋይና በጀርባ እየሠሩት ነበር ማለት ነው። እርከን ሲሠራ ቆንጆ ሥዕል አይወጣውም መሰለኝ፣ ኮሚኩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ያልተሳለው ገጽ፦ ጋምቤላ

‹ማስተር› ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት ነው። ምቹ ጠላት ነው፤ ማንም አይቀየምም። እውነተኛው ረሃብ ግን ከሰማይ ብቻ አልመጣም። ዝናቡ ቀርቷል፣ ልክ ነው። ግን ረሃቡ የበረታባቸው ትግራይ፣ ሰሜን ወሎና ኤርትራ የጦር ሜዳም ነበሩ። መንገድ ተዘግቷል፣ ገበያ ተበትኗል፣ ሠራዊት እህል ያለበትን አካባቢ ይመታል። አሌክስ ደ ዋል የተባለው ተመራማሪ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ጽፎታል። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይባላል። ኮሚኮቹ ውስጥ ደርግን አታገኙትም። ዕርዳታ ለማሰባሰብ የተሠራ መጽሔት እንዲህ ቢሆን ይገባኛል፣ ግን አንባቢው ረሃብ ማለት የሰው እጅ የሌለበት ነገር እንደሆነ አምኖ ይሄዳል።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ገደማ ደርግ የሰፈራ ፕሮግራሙን በሰፊው ጀመረ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። መተከል አንዱ ነው፣ ወለጋ ሌላው፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ። ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ሥር ነበረች። በአውቶቡስና በጭነት መኪና የመጣ አለ፤ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ የመጣም አለ። አንዳንዱ ፈቅዶ መጣ፣ ብዙው ተገድዶ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያየ አለ። ከደጋ ወርዶ አቦቦ ሲደርስ የጠበቀው ሙቀትና ወባ ነው።

መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም። ወረቀት ላይ ‹ድንግል መሬት› ይባል እንጂ አኙዋኮች የሚያርሱት፣ የሚያድኑበት፣ የሚያሳድሩት መሬት ነበር። በጋምቤላ ዛሬም ‹ደገኛ› የሚለው ቃል ውስጥ የዚያን ዓመት ነገር ይሰማል። በአንድ ውሳኔ ሁለት ሕዝብ ተጎዳ፦ ተነቅሎ የመጣውና መሬቱ የተወሰደበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከድንበር ማዶ ሌላ ሰው እየመጣ ነበር። የደቡብ ሱዳኑ ጦርነት በ1983 ከተነሳ በኋላ ኢታንግ ላይ የስደተኞች ካምፕ ተከፈተ፤ አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ ከዓለም ትልልቅ ካምፖች አንዱ ሆኗል። ደርግ በ1991 ሲወድቅ ካምፑ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ፣ ሰው ወደመጣበት ሸሸ። ባሮን ተሻግሮ ሲመጣም ሲመለስም የኖረ ሕዝብ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ልጨምር። ‹ሂሮስ ፎር ሆፕ› ሽፋኑ ላይ ታኅሣሥ 1985 ይላል። በዚያው ወር መንግሥት የፈረንሳዩን ሐኪሞች ያለ ድንበር፣ ማለትም ኤምኤስኤፍን፣ ከአገር አስወጣ። ምክንያቱ ሰፈራው ሰው እየገደለ ነው ብለው በአደባባይ መናገራቸው ነው። ኩሌ ለሚኖር ሰው ኤምኤስኤፍ የሚለው ስም ማብራሪያ አይፈልግም። ካምፑ ከተከፈተ ጀምሮ ልጁን ይዞ የሮጠው እነሱ ጤና ጣቢያ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስም በ1985 መጨረሻ ላይ ከአገር ወጥተው ቀሩ፣ በኋላ ያዩትን ጻፉት። ሐኪም ሲባረር፣ ኮሚሽነር ሲኮበልል፣ አውሮፕላን ሰው ሲጭን፦ የኮሚክ ታሪክ የሚሆነው ይሄ አልነበረም እንዴ? ባትማን መርማሪ ነው እኮ። አንድ የመዝገብ ክፍል ቢያስገቡት ይበቃው ነበር።

ኩሌ ላይ ቁጭ ብሎ ሲነበብ

ኩሌ የተከፈተው በግንቦት 2014 ነው። በታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ እንደገና ጦርነት ተነሳ፣ ሰው በፓጋክ በኩል ጎረፈ። ጢርኪዲ የካቲት ላይ ተከፍቶ ወዲያው ሞላ፣ ኩሌ ቀጠለ። ኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ 50,000 ሰው የሚይዝ፣ አብዛኛው ኑዌር። ያኔ በእናቱ ጀርባ የመጣ ልጅ ዛሬ ስልክ ይዟል።

ለዚህ ልጅ ‹ሂሮስ አጌንስት ሀንገር›ን አንብብ ብትሉት የሚያየው ነገር አሜሪካዊው አንባቢ ካየው ይለያል። አሜሪካዊው ሱፐርማንን ያያል። የኩሌው ልጅ ከኋላ የቆሙትን ያያል። በሁለቱም መጽሔቶች ታሪኩን የሚያንቀሳቅሱት ከውጭ የመጡ ናቸው። የሚወስኑት፣ የሚሳሳቱት፣ የሚቆጩት እነሱ ናቸው። የተራበው ሰው ግን ቆሞ ይጠብቃል። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ምስልም እንደዚያው ነበር፤ ሠዓሊዎቹ የሳሉት ያዩትን ነው።

ካምፕ የኖረ ሰው ደግሞ መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ራሽን ማለት ሒሳብ ነው። ስንት ኪሎ ማሽላ መጣ፣ ስንቱ ለወፍጮ ተሸጠ፣ ስንቱ ሳሙና ሆነ፣ ዘይቱ እስከ መቼ ይደርሳል። ካርዱ ላይ ስንት ሰው አለ። ሰልፉን የምትይዘው ማን ናት፣ ማገዶ የሚሄደው ማነው። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ በየወሩ ከባትማን የሚስተካከል ዕቅድ ይወጣል።

በሰኔ 2023 ደግሞ ራሽኑ ጭራሽ ቆመ። እህል ለማይገባው አካል እየሄደ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና አሜሪካ በኢትዮጵያ የሚሰጡትን አገዱ፤ ለስደተኞች እንደገና የጀመረው በጥቅምት ነው። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ ለእናንተ መንገር የለብኝም። ከኮሚክ አንጻር ግን አስቡት፦ የዚህ ታሪክ ክፉ ሰው ማነው? ‹ማስተር› የለም። መጋዘን አለ፣ ሰነድ አለ፣ ገበያ ላይ የተገኘ ማዳበሪያ አለ፣ ሩቅ አገር የተፈረመ ደብዳቤ አለ። ይህን በቡጢ የሚመታ ጀግና መሳል አይቻልም። በ1985ም አይቻልም ነበር፣ ለዚያ ነው ከሌላ ዓለም ጠላት የመጣው።

ይህን ስል ሰዎቹን ለመናቅ አይደለም። በነጻ ሠርተዋል፣ ገንዘቡ ሄዷል፣ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የኢትዮጵያን ስም አስተዋውቀዋል። ያ ልጅ ስሟን ከረሃብ ጋር ብቻ አያይዞ አደገ የሚል ካለም አልከራከረውም። ሁለቱም እውነት ነው።

የራሳችን ጀግኖች

በ2018 ኤታን ኮሚክስ የሚባል አሳታሚ ‹ጀምበር›ን አወጣ። መሥራቹ በስራት ደበበ ነው። ጀምበር የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ልዕለ ኃያል ኮሚክ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል። ዋናው ገጸ ባሕሪ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ። ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ጀግና፣ ይህንን ለማወቅ ልብስና ካባ አያስፈልግም። ቀጥላ ‹ሐዊ› መጣች፣ ሴት ጀግና፤ ለሕትመቷ ገንዘብ የተሰበሰበው በኢንተርኔት ከአንባቢዎች ነው።

ከ‹ሂሮስ አጌንስት ሀንገር› ጋር ስታስተያዩአቸው ልዩነቱ ከሥዕሉ ጥራት አይደለም። ከርቢን የሚያክል እጅ በየቦታው አይገኝም። ልዩነቱ ስም ነው። አማኑኤል ስም አለው፣ የአባት ስም አለው፣ የሚያስጨንቀው ነገር አለው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ገጹ መሃል ላይ ይቆማል። የሚቀረኝ አንድ ቅሬታ፣ ጀግኖቹ እስካሁን ወደ ባሮ አልወረዱም። አኙዋክኛ ወይም ኑዌርኛ የሚናገር ልዕለ ኃያል ይምጣ። በ77 ከወሎ አውሮፕላን ላይ የተጫነ ልጅና መሬቱ ላይ ሰው ሲሰፍር ያየ የአቦቦ ልጅ በአንድ እትም ይገናኙ። ያ ቲም-አፕ ቢወጣ እኔ ቀድሜ እገዛለሁ።

ማግኘት ለምትፈልጉ

ሁለቱም የአንድ ጊዜ እትም ናቸው፣ ቁጥር 2 የላቸውም። ስለዚህ ‹ቀጣዩ ክፍል› ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ውድ ከሚባሉት የድሮ ኮሚኮች ውስጥ አይደሉም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው የድሮ ኮሚክ የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ እንዲልለት ቢጠይቅ የማግኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። የማርቭሉ ሙሉ ርዕስ ‹ሂሮስ ፎር ሆፕ ስታሪንግ ዘ ኤክስ-ሜን› ነው፤ ሲፈልጉ ይህን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል፣ ‹ሂሮስ ፎር ሆፕ› ብቻ ካላችሁ ሌላ ብዙ ነገር ይመጣል።

ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ስልኩን አግድም አዙሩት። የዚያ ዘመን ገጽ ጽሑፍ ይበዛዋል፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ በቁሙ ካያችሁት ዓይን ይፈጃል። ደግሞ ሠዓሊው በየጥቂቱ ገጽ ስለሚቀየር የአንዱ ሰው ፊት ከገጽ ገጽ ሌላ ይመስላል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። በሽፋኖቹም እንዳትምታቱ፦ የማርቭሉን ሽፋን የሳለው አርተር አዳምስ ነው፣ የዲሲውን ኒል አዳምስ። ዘመዳሞች አይደሉም።